መርዶ ያልመጣለትን ወታደር መፈለግ

(በአንድ የማኅበረሰብ ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ! መንገዱም ሥራውም ሳይበግራችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ ውጊያ ስልት አይደለም። ማን ልክ ነበር፣ ማን አጠፋ የሚለውም ሌላ ቀን የሚፈልግ ወሬ ነው። እኔ የማነሳው በደርግ ዘመን ወደ ሰሜን ዘምቶ ሳይመለስ ስለቀረ አባት፣ አያት ወይም አጎት ነው። የት ሞተ? መቼ ሞተ? ማን ቀበረው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ቤተሰብ በአገራችን እጅግ ብዙ ነው። እስከ ዛሬ በዚያ ጦርነት የወደቁት የኢትዮጵያ ወታደሮች ስም ዝርዝር ለሕዝብ አልወጣም። ቁጥሩ እንኳ እንደ ተናጋሪው ይለያያል።

ይህ ለምን ያንገበግበናል? በእኛ ዘንድ ሞት ቀን አለው። ሠልስቱም፣ አርባውም፣ ሙት ዓመቱም የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ተነስቶ ነው። ቀኑ ካልታወቀ ሐዘኑ መነሻ የለውም። አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ እኛ እምዬ የምንላት፣ ባሏ በ1969 ከምሥራቅ ጎጃም ከሚሊሺያው ጋር ወደ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሄደ። ከዚያ ኤርትራ ገባ። ጎረቤት ሁሉ «ተዝካሩን አውጪ እንጂ» እያለ ሲወተውታት «መርዶ ሳይመጣ ባሌን አልገድልም» አለች። በግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን፣ እግራቸው ያበጠ ወታደሮች በየመንገዱ ሲያልፉ፣ ውሃና ቆሎ ይዛ መንገድ ዳር ትቀመጥ ነበር። ለሁሉም ያው አንድ ጥያቄ ነበራት። ብዙዎቹ የመጡት ከሌላ ግንባር ነው፤ የሚያውቀው አልተገኘም።

ከረን የሄዳችሁ ካላችሁ የእንግሊዝን ጦር መቃብር አይታችሁት ይሆናል። በ1933 ከጣሊያን ጋር ተዋግተው የወደቁ ከ400 በላይ ወታደሮች እዚያ አርፈዋል። ለየራሳቸው ድንጋይ ቆሞላቸዋል፣ ሣሩ ይታጨዳል። በእምነታቸው ሥርዓት አስከሬናቸው የተቃጠለ የሕንድ ወታደሮችም ስማቸው ተጽፎላቸዋል። የልጅ ልጃቸው ለንደን ወይም ዴልሂ ተቀምጦ ስሙን በኢንተርኔት ቢፈልግ የመቃብሩን ቁጥር ሳይቀር ያገኛል። ከዚያው ከከረን ወደ ሰሜን ትንሽ ስትሄዱ አፋቤት ትደርሳላችሁ። የእኛ ልጆች በሺህ የወደቁት እዚያ ነው። እነሱስ? አዲስ አበባ ላይ የትግላችን ሐውልት አለ፣ እሱ ግን ለሶማሊያው ጦርነት ጀግኖች የቆመ ነው። መቀሌም ባሕር ዳርም የሰማዕታት ሐውልት አለ፣ ደርግን ለተዋጉት። ኤርትራ ውስጥ ወደ 65 ሺህ የሚጠጉ ታጋዮች እንደወደቁ ይነገራል፤ በየዓመቱ ሰኔ 13 ይታሰባሉ። ይህ ሁሉ መደረጉ ትክክል ነው። ከጎንደር፣ ከሲዳሞ፣ ከወለጋ፣ ከሸዋ ታፍሶ ወይም ወዶ የዘመተው ገበሬ ግን የሚታሰብበት ቀንም ድንጋይም የለውም።

ስለዚህ ሥራው የቤተሰብ ሆኗል። እንዴት እንደሚሠራ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ብዙ ሰው ፍለጋውን በስም ይጀምራል። «እገሌ እገሌ የሚባል ወታደር ታውቃላችሁ?» ይላል። በስም ብቻ ሩቅ አይኬድም። የኛ ስም የራስና የአባት ነው፣ አንድ ዓይነት ስም ያለው ሰው በየቀበሌው አለ። ጦሩ ሰውን የሚያውቀው በክፍሉ ነው። ክፍለ ጦር፣ ብርጌድ፣ ሻለቃ፣ ሻምበል፣ መቶ። የክፍለ ጦሩን ቁጥር ያገኘ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ቁጥሩ የሚገኘው ደግሞ ቤት ውስጥ ነው። አሮጌ ሳጥን ክፈቱ። የክት ልብስ ከተቀመጠበት ሥር፣ ከመጽሐፍ ገጽ መሃል፣ ከሥዕለ ማርያም ጀርባ ፈልጉ። የአክስት ቤት አትርሱ፣ ምክንያቱም ወታደር ደብዳቤ የሚጽፈው ማንበብ የሚችል ሰው ላለበት ቤት ነበር። በእኛ ቤት የተገኘው አንድ ፎቶ ነው። አስመራ ስቱዲዮ ውስጥ የተነሳው፣ ጥቁርና ነጭ፣ ከኋላው የተሳለ መጋረጃ ያለበት። አያቴ ቆሟል። ኮፍያውን በእጁ ይዟል። ግራ እጁን ወንበር ላይ በተቀመጠ ጓደኛው ትከሻ ላይ ጣል አድርጓል። ሁለቱም አይስቁም። ቤተሰቡ ይህን ፎቶ ዘመኑን ሙሉ ከፊት ሲያየው ኖሯል። ጀርባው ላይ ግን በሰማያዊ እስክሪብቶ እንዲህ ይላል፦ «ለማስታወሻ ይሁናችሁ። ጥቅምት 1978፣ አስመራ። 19ኛ ክ/ጦር።»

ይቺ አንድ መስመር የቤታችንን ታሪክ ቀየረችው። እስከዚያ ቀን ድረስ እኛ የምናውቀው በ1974 በቀይ ኮከብ ዘመቻ ናቅፋ ላይ ሞተ የሚለውን ነበር። አንድ ከዘመቻ የተመለሰ ያገር ልጅ እንዲያ ብሎ ተናግሮ ነበር። ሰውዬው ሊዋሽ አይደለም፤ ቆስሎ ሲወሰድ አይቶት ይሆናል፣ ወይም ሌላ ሰው ነግሮት ይሆናል። ፎቶው ግን ከአራት ዓመት በኋላ በሕይወት እንደነበር ይመሰክራል። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ጽሑፍና ወሬ ሲጋጩ መጀመሪያ ጽሑፉን እመኑ፣ ከዚያ ወሬው ከየት እንደመጣ ጠይቁ።

ክፍሉንና የመጨረሻውን ቀን ካገኛችሁ የጦርነቱን ካርታ ዘርግቶ ማየት ይቻላል። በኤርትራ ግንባር ሠራዊቱ በዕዝ በዕዝ ተከፍሎ ነበር። በሰሜን ምሥራቅ ሳህል፣ በአልጌና በኩል የነበረው ውቃው ዕዝ በመጋቢት 1976 ፈረሰ። ባሬንቱ በ1977 ክረምት በሻዕቢያ ተይዛ በዚያው ክረምት ተመለሰች። ናደው ዕዝ ናቅፋን ፊት ለፊት ይዞ፣ መምሪያውን አፋቤት ላይ አድርጎ ለዓመታት ቆየ፤ በመጋቢት 1980 ተደመሰሰ። 604ኛ ኮር ሽሬ ላይ በየካቲት 1981 ፈረሰ። ምፅዋ በየካቲት 1982 ተያዘች። አስመራ ግንቦት 16 ቀን 1983። ዘመዳችሁ መጨረሻ የጻፈው በ1979 ከሆነና ክፍሉ በናደው ሥር ከነበረ፣ አፋቤትን ነው የምታጠኑት። መጨረሻ የጻፈው በ1981 ክረምት ከሆነ ደግሞ አፋቤትም ሽሬም አይደሉም፣ ወደ ምፅዋና ወደ አስመራ ዙሪያ ዞር በሉ። እንዲህ እያደረጉ ማጥበብ ነው።

ቀን ስትቆጥሩ ተጠንቀቁ። በእንግሊዝኛ የተጻፉት መጻሕፍት በፈረንጅ ዘመን ነው የሚቆጥሩት። ከጥር እስከ ጳጉሜን ድረስ ልዩነቱ በጥቅሉ 8 ዓመት ነው፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 7። እዚህ ላይ በአንድ ዓመት የተዛነፈ ሰው አባቱን ባልነበረበት ጦርነት ሲፈልግ ይከርማል።

የአያቴ 19ኛ ክፍለ ጦር በናደው ዕዝ ሥር ነበር። ስለዚህ አፋቤትን ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩት እንቅልፍ የሚነሳ ነው። በየካቲት 1980 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አስመራ ሄዶ የናደውን አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔን አስረሸነው። ጦሩ የሚያምነውን አዛዥ ካጣ ከወር ገደማ በኋላ፣ መጋቢት 8 ጎህ ሲቀድ ሻዕቢያ በሦስት አቅጣጫ መጣ። ወደ አፋቤት ያፈገፈገ የታንክና የመኪና ሰልፍ አድ ሽሩም በሚባል ጠባብ በር ላይ ታግዶ ቆመ። መሣሪያው በጠላት እጅ እንዳይወድቅ ተብሎ የራሳችን አውሮፕላኖች ያንን ሰልፍ ደበደቡት። ወደ 70 የሚጠጋ ተሽከርካሪ ነበር ይባላል። መጋቢት 10 አፋቤት ወደቀች። ሻዕቢያ 18 ሺህ ወታደር ገድያለሁም ማርኬያለሁም አለ። በጊዜው በስፍራው የነበረው የእንግሊዝ ታሪክ ጸሐፊ ባዚል ዴቪድሰን ሽንፈቱን ፈረንሳዮች ቬትናም ውስጥ ዲየን ቢየን ፉ ላይ ከደረሰባቸው ጋር አነጻጸረው። ዓለም በሬዲዮ ሲሰማ የጎጃም ገበሬ ግን አልሰማም። መርዶ የሚያደርስ መሥሪያ ቤት ቀርቶ ሽንፈቱን በግልጽ የሚናገር ዜና እንኳ ወዲያው አልነበረም።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤት እንሂድ። ብዙ ተስፋ ሳይዙ፣ ግን ሳይተዉ መሄድ ነው። የታሪክ ተመራማሪዎች የመከላከያ ሚኒስቴርን የቀድሞ ሰነዶች አግኝተው ጽፈዋል። ስለዚህ ወረቀቱ ሁሉ አልጠፋም። ለአንድ ተራ ቤተሰብ ግን በሩ ቶሎ አይከፈትም። እኔ የሄድኩበት አንድ ቢሮ «ስሙን ጽፈህ ሂድ፣ እንደውላለን» ብሎኝ ስልኩ ዛሬም አልጠራም። ከዚህ ይልቅ የጡረታን መንገድ ሞክሩ። የሟች ቤተሰብ ጡረታ የጠየቀ ሰው ማስረጃ ማቅረብ አለበት፣ ማስረጃ የቀረበበት ቦታ ደግሞ ፋይል አለ። አሜሪካ ውስጥ የእርስ በርስ ጦርነታቸውን ሙታን የሚፈልጉ ሰዎች ትልቁን ሀብት የሚያገኙት ዋሽንግተን ባለው ብሔራዊ መዝገብ ቤት፣ በሰሜኑ ጦር ሟች ሚስቶች የጡረታ ፋይል ውስጥ ነው። ሚስትየዋ ጋብቻዋን ለማስረዳት ያቀረበችው ደብዳቤና የምስክር ቃል አብሮ ተቀምጧል።

የእኛ አገር አቻው፣ በእኔ እምነት፣ የወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ይህን ማንም አይነግራችሁም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 154፣ አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው መጥፋቱ እንዲወሰንለት ፍርድ ቤት ማመልከት እንደሚችል ይደነግጋል። ብዙ ቤተሰብ ደግሞ መሬት ወይም ቤት ለመውረስ የወራሽነት ማስረጃ አውጥቷል። ያን ጊዜ ምስክር ቆጥሯል። «አብሬው ዘምቼ ነበር፣ በዚህ ጊዜ በዚህ ቦታ ሞቷል» ብሎ ቃሉን የሰጠ ሰው ስምና አድራሻ እዚያ ፋይል ውስጥ አለ። ቤተሰባችሁ ፍርድ ቤት ሄዶ እንደሆነ ትልልቆቹን ጠይቁ። ሄደው ረስተውት ይሆናል።

ዋናው ማስረጃ ግን ሰው ነው። ከአፋቤት የተረፈ የ20 ዓመት ልጅ ዛሬ ወደ 60 ተጠግቷል። በሚሊሺያነት የሄዱት ብዙዎቹ 70ውን አልፈዋል። በየሳምንቱ በየመንደሩ ቀብር ስንሄድ አንድ መዝገብ እየቀበርን ነው። እምዬም ምንም ሳትሰማ አለፈች። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ቢያቆዩት እንኳ ሰው መጠየቅን አያቆዩም።

የት ይገኛሉ? በየደጁ። ሠራዊቱ ሲበተን ብዙዎቹ ዘበኛ ሆኑ፣ የቀን ሠራተኛ ሆኑ፣ ገሚሱም ጎዳና ወጣ። ባንክ በር ላይ የቆመውን ሰውዬ «የት ነበሩ አባባ?» ብላችሁ ጠይቁት። «19ኛ ክፍለ ጦር የነበረ ሰው ያውቃሉ?» በሉ። እሱ ባያውቅ የሚያውቅ ያውቃል። ፌስቡክ ላይም የየክፍሉ ሰዎች ይሰባሰባሉ፣ ዩቲዩብ ላይ ቃለ መጠይቅ የሰጡ አሉ። እኔ በዚህ በአንዱ ዘበኛ በኩል ወደ ሌላው፣ ከእሱ ወደ ዕድርተኛው እየተመራሁ አዳማ ላይ አንድ ሰው አገኘሁ።

አንድ ነገር ላሳስባችሁ እወዳለሁ፤ እንዴት እንደሚጠየቅ። «እንዴት ሞተ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ሰውዬው ለዓመታት የደበቀውን ነው የምትነኩት። ስለ ውሃ ጠይቁ። ውሃ ከየት ነበር የምታመጡት? ምሽጉ ውስጥ ማን አጠገብ ትተኙ ነበር? ምን ትበሉ ነበር? ስልኩን አውጥታችሁ ለመቅረጽ አትቸኩሉ። ቀን አታስጀምሩት፤ «መጋቢት ነበር አይደል?» ካላችሁ «አዎ» ይላችኋል። ሁለት ሰው ካገኛችሁ ለየብቻ አነጋግሩ። ደግሞም ቀኑን በቁጥር አትጠይቁ፣ በጾምና በበዓል ጠይቁ። ወታደሩ መጋቢት 8ን ላያስታውስ ይችላል፣ ሁዳዴ መግባቱን ግን አይረሳም። በ1980 አፋቤት ስትወድቅ ሁዳዴ ገብቶ ወር አልፎታል። ሽሬም ምፅዋም ሲወድቁ ግን ገና አልገባም ነበር። ይህ አንድ ጥያቄ ብቻውን ሁለቱን ትልልቅ ውጊያዎች ከአፋቤት ይለይላችኋል።

አዳማ ያሉት ሰው ቤት ደረስኩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ አንድ ዓይናቸው የማያይ ሽማግሌ ናቸው። የአያቴን ስም ነገርኳቸው።

«አላውቀውም ልጄ» አሉ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጎጃሜ ብዙ ነበር እኮ።»

ፎቶውን ሰጠኋቸው። ወደ መስኮቱ ወስደው በደህናው ዓይናቸው አዩት። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«ደብተራው!» አሉ። «ይሄ ደብተራው ነው! አንተ የደብተራው ልጅ ነህ?»

«የልጁ ልጅ ነኝ አባባ።»

ተቀመጡ። ቡና እንዲፈላ ወደ ጓዳ ጮኹ። ከዚያ በኋላ እኔ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

አያቴ ከመዝመቱ በፊት ድቁና የተማረ ሰው ነበር። ጓደኞቹ በስሙ አያውቁትም፤ ለሁሉም ደብተራው ነው። ሁዳዴን ምሽግ ውስጥ ሆኖ ይጾም ነበር። ኮቾሮውን፣ ያንን ደረቅ የወታደር ብስኩት፣ በውሃ እየነከረ፣ ያንንም ከሰዓት በኋላ ብቻ። የመቶ አለቃው «ሆድህን ካልሞላህ ማን ይዋጋልኛል?» ብሎ ሲቆጣው ሳቅ ብሎ ዝም ይላል። ሥራው ሌላ ነበር፤ ደብዳቤ። መጻፍ ለማይችል ለሻምበሉ ወታደር ሁሉ ይጽፋል። አንዱ ለእናቱ፣ አንዱ ለሚስቱ፣ አንዱ ለበሬ ሽያጭ ለወንድሙ። ሰውዬው ይናገራል፣ እሱ ይጽፋል። ሽማግሌው እንዳሉኝ፣ ብዙዎቹ የሚሉት ሲጠፋቸው እሱ ራሱ ጨምሮ ያሳምርላቸው ነበር። ዋጋ አይቀበልም። ስኳር ከሰጡት ግን ይወስዳል።

የመጨረሻውን ቀን ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። «ሁዳዴ ነበር። ጨለማው ሳይገፈፍ ከባድ መሣሪያ ጀመረ። ሰማዩ ሁሉ አቧራ ሆነ። ጠዋት ላይ ደብተራውን አይቼዋለሁ፤ ቁስለኛ ተሸክሞ ወደ ኋላ ሲሄድ። ልጁ በጣም ይጮህ ነበር፣ እሱ ‹አይዞህ፣ ደረስን› ይለዋል። እኔ ማታውን ተማረክሁ። ከምርኮኞቹ መሃል ፈልጌዋለሁ። አልነበረም።»

እንግዲህ ያገኘሁት ይህን ነው። አስከሬኑን ያየ ሰው አላገኘሁም። መቃብሩ የት እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም። ሌላ የዚያው ብርጌድ ሰው ለብቻው አነጋግሬ ነበር፤ ደብተራውን ያስታውሰዋል፣ የጦሩን አመጣጥም እንደዚያው ተረከልኝ። ያን ቀን ግን አላየውም። በዚህ ላይ ተመሥርታ እናቴ ቀን ቆረጠች። መጋቢት 8። የንስሐ አባታችን ክርስትና ስሙን ጠየቁ፤ እሱን እምዬ ነግራን ነበር። ፍትሐቱ ተደረገ። ጾም ስለነበረ ተዝካሩ በጾም ወጥ ወጣ፤ እናቴ «እንኳንም ጾም ሆነ፣ እሱም ሲጾም ነው የሄደው» አለች።

ሁለት ነገር ላክልና አበቃለሁ።

አንደኛ፣ በፍለጋው መሃል የማትወዱትን ልትሰሙ ትችላላችሁ። ዘመዳችሁ ከድቶ ሊሆን ይችላል። ተማርኮ ኤርትራ ወይም ሱዳን ሌላ ቤተሰብ መሥርቶ ሊሆን ይችላል። መንደር በተቃጠለበት ቀን እዚያ ቆሞ ሊሆን ይችላል። እሱንም መስማት አለብን። ጀግና አድርጋችሁ ከተነሳችሁ የሚነግራችሁ ሰው እውነቱን ይደብቃችኋል፤ ደስ እንዲላችሁ ብሎ። ደግሞ «አይቼዋለሁ፣ አለ፣ ገንዘብ ላኩልኝ» የሚል ከመጣ ወዲያውኑ ራቁት። ከኤርትራ በኩል የተዋጉ ሰዎችንም አነጋግሩ። እዚህ ከእኛ ጋር የሚኖሩ አሉ። ያንን ተራራ ከእኛ በላይ ያውቁታል፣ የወደቀውን ያነሱትና አፈር ያለበሱትም እነሱ ናቸው። እኔ ሰላምታ አቅርቤ በጨዋነት ጠይቄ ፊቱን ያዞረብኝ አላጋጠመኝም።

ሁለተኛው የአሁኑ ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በሰሜን እንደገና ተዋጋን። በጥቅምት 2016 በትግራይ ለወደቁት ተዋጊዎች ቤተሰቦች መርዶ ተነገረ፣ ሦስት ቀን በይፋ ተለቀሰ። ያን ለቅሶ በቴሌቪዥን ሳይ እምዬ ትዝ አለችኝ። ቢያንስ ቀን አገኙ። በዚያ ጦርነት ከሌላው ወገን ልጁን የላከ ቤተሰብም እዚህ መሃላችን ይኖራል። ዛሬ ጓደኞቹ ወጣት ናቸው። ስልክ ቁጥራቸው ይሠራል። የክፍሉን ቁጥር፣ የአዛዡን ስም፣ መጨረሻ የደወለበትን ቀን ዛሬውኑ ደብተር ላይ ጻፉ። የልጅ ልጃችሁ ባንክ በር ላይ ዘበኛ እየጠየቀ እንዳይዞር።

በመጨረሻ ልመና አለኝ። አያቴ በዚያ ምሽግ ውስጥ ለስንት ሰው እንደጻፈ ማን ያውቃል። ደብዳቤዎቹ በየአገሩ ተልከዋል። ከ1974 እስከ 1980 ከናቅፋ ግንባር፣ ከ19ኛ ክፍለ ጦር የመጣ ደብዳቤ በቤተሰባችሁ ካለ አምጡና አሳዩኝ። የእሱ ጽሕፈት ይለያል። ከላይ መሃል ላይ ትንሽ መስቀል ያደርጋል፣ ፊደሉ እንደ ብራና ጽሑፍ ወፍራምና ቀጥ ያለ ነው፣ ሁለት ነጥቡን አንድም ቦታ አይዘልም። ምሳሌው እዚህ ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ስትወጡ እዩት። እኔ ከእሱ እጅ የወጣ ሌላ ወረቀት አገኛለሁ። እናንተም አባታችሁ ምን እንዳለ እንጂ ማን እንደጻፈለት አታውቁ ይሆናል፤ እሱን እነግራችኋለሁ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።